ከንቲባ ከመሾሙ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ለዳር ሰፈር ሰው ምን ይጠቅማል?

የብሎክ ጸሐፊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት ወዲያ ካለ ኮንዶሚኒየም ነው። ቁልፍ ተረክበን ከገባን ስድስት ዓመት ሞላን። እኔ የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ።

ወረዳው ለሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነዋሪውን ለውይይት ጠርቷል። ርዕሱ የከተማው አስተዳደር ቅድሚያ ስለሚሰጣቸው ሥራዎች ነው። ከየብሎኩ ሁለት ሰው ይምጣ፣ ጥያቄም ይዛችሁ ኑ ተብለናል። ከኛ ብሎክ አንዷ እኔ ነኝ፤ እና እውነቱን ለመናገር ጨንቆኛል። ባለፈው እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ሁሉም እየተነሳ የየራሱን ብሶት ተናገረ፣ መድረክ ላይ ያሉት "ወስደነዋል፣ ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን" አሉ፣ ሻይ ተጠጣና ተበታተንን። ከዚያ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ትናንት ማታ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ክርክር ተነሳ። አንድ ጎረቤታችን "መጀመሪያ ከንቲባው ማን እንደሆነ እወቁ፣ መሐንዲስ ከሆነ መንገድ ያያል፣ የግብር ሰው ከሆነ ግብር ያያል፣ ሰው ከሠራበት ነገር አይወጣም" አለ። ሌላዋ ደግሞ "ማንም ይምጣ ማን፣ እኛ ጋ ሲደርስ በጀቱ አልቋል" አለች። እኔ ሁለቱም እውነት መሰሉኝ።

የኛን ችግር ለማታውቁት ልንገራችሁ። ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ሌሊት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ጀሪካንና ሮቶ ስንሞላ ይነጋል። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናታችን ጋ ደግሞ ግፊቱ አይደርስም፤ የጎረቤት ልጆች ተሸክመው ያወጡላቸዋል። ከአስፋልቱ እስከ ሳይቱ በር ያለው መንገድ ሐምሌ ሲገባ ጭቃ ነው። ቦዩ ተቆፍሮ ሳይገነባ ስለቀረ ጎርፉ ምድር ላይ ያሉት ሰዎች ቤት ይገባል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፉ መጨረሻው አይታይም። ለማን እንደምናመለክትም አናውቅም፤ ወረዳ ስንሄድ ክፍለ ከተማ ሂዱ ይሉናል፣ ክፍለ ከተማ ስንሄድ ባለሙያው ስብሰባ ነው።

ጥያቄዬ ይኸው፦ የከንቲባን የቀድሞ ሥራ ማወቅ በእርግጥ ይጠቅመናል? ከጠቀመስ ቅዳሜ ምን ብለን ብንጠይቅ ነው መልስ የምናገኘው?

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። እኔ በከተማው አስተዳደር ውስጥ በፕላንና በበጀት ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ብዙ ከንቲባ ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ።

የቀድሞ ሥራ ይጠቅማል፣ ግን ጎረቤትሽ እንዳለው ቀጥታ መስመር አይደለም። ኩማ ደመቅሳን ተመልከቺ። የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ በኋላ መከላከያ ሚኒስትር ሆነው ከዚያ ነው የአዲስ አበባ ከንቲባ የሆኑት። እስከ 2005 ድረስ በሳቸው ዘመን ያየነው ወታደራዊ ነገር አይደለም፣ ኮንዶሚኒየም በየአቅጣጫው ሲቆም ነው። እሱም ቢሆን የተጀመረው ከሳቸው በፊት በአርከበ ዕቁባይ ጊዜ ነው። ከኩማ ደመቅሳ በኋላ የመጡት ድሪባ ኩማ ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስትር ነበሩ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በ2008 ሥራ ሲጀምር ሰው ሁሉ "የትራንስፖርት ሰው ስለሆኑ ነው" አለ። አይደለም። ባቡሩ የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክት ነው፤ ግንባታው የተጀመረውም እሳቸው ከንቲባ ከመሆናቸው በፊት ነው። ከንቲባው ስለደረሰበት ብቻ የሱ ሥራ አታድርጊው።

አርከበን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እሳቸው በ1995 መጥተው የቆዩት አጭር ጊዜ ነው። ግን እስከ ዛሬ በየመንገዱ ዳር ያለችውን ትንሽ ሱቅ ሰው "የአርከበ ሱቅ" ይላታል። ከተማዋ በክፍለ ከተማ የተዋቀረችውም ያኔ ነው፤ መጀመሪያ 10 ነበሩ፣ ለሚ ኩራ 11ኛ ሆኖ የተጨመረው በ2013 ነው። ይህን የምነግርሽ ከንቲባ የሚታወስበት ነገር አንዳንዴ ሕንፃ ሳይሆን መዋቅር እንደሆነ እንድታዪ ነው። እናንተን ያስቸገራችሁም እኮ ይኸው መዋቅር ነው፣ የቱ ደጃፍ ላይ እንደምትቆሙ አታውቁም።

አሁን ወዳሉት እንምጣ። ወይዘሮ አዳነች አቤቤ በሙያቸው የሕግ ሰው ናቸው። የአዳማ ከንቲባ ነበሩ። ከዚያ የገቢዎች ሚኒስትር፣ ከዚያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ። ነሐሴ 2012 በምክትል ከንቲባነት መጡ፣ መስከረም 2014 በከንቲባነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በከተማዋ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እዚህ ላይ የቀድሞው ሥራ ይታየኛል። የከተማው በጀት በ2016 ወደ 140 ቢሊዮን ብር ነበር፣ በ2017 ወደ 230 ቢሊዮን ደረሰ። አዲስ አበባ እንደ ክልሎቹ በፌዴራል ድጎማ የምትኖር ከተማ አይደለችም፤ አብዛኛውን ራሷ ሰብስባ ነው የምታወጣው። የጣራና ግድግዳ ግብር ትዝ ይልሻል? አዋጁ የ1968 ነው፤ ስንት ዘመን በአሮጌ ተመን ተኝቶ ቆይቶ በ2015 በአዲስ ተመን መሰብሰብ ጀመረ። ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። ገቢ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ቁጥር ይገባዋል። እሳቸው የዘረጉት አስተዳደርም ከላይ እስከ ታች ሪፖርቱ ቁጥር ነው። "ተቸግረናል" ብላችሁ አትሂዱ። ብሎካችሁ ውስጥ ስንት አባወራ አለ? በዓመት የጣራና ግድግዳ ስንት ከፈላችሁ? ያልተገነባው ቦይ ስንት ሜትር ነው? ባለፈው ክረምት ስንት ቤት ጎርፍ ገባው? ሜትር ይዛችሁ ውጡና ለኩት። የተለካ ነገር መዝገብ ውስጥ ይገባል። ብሶት ቃለ ጉባኤ ላይ ይቀራል።

አያት መገናኛ፦

አባቴ ያሉትን አከብራለሁ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ከንቲባው የት ሠርቶ መጣ የሚለው እኛን አያገባንም። የሚያገባን ሥራውን ከየት ጀመረ የሚለው ነው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ሲጀመር ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቦሌ፣ መገናኛ ነው የተባለው። ከመገናኛ ሲኤምሲ ያለው መንገድ አሁን በእርግጥ ያምራል፣ እኔም የታክሲ ሹፌር ነኝና በቀን አሥር ጊዜ የምመላለስበት ስለሆነ አመሰግናለሁ፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ሰፊ ቦታ አገኘ፣ ማታም ብርሃን ነው። ግን መንገዱ ካለቀበት እስከናንተ በር ያለችው ሁለት ኪሎ ሜትር መኪናዬን የምትገድልብኝ እሷ ናት።

ሌላም ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ጠዋት ከናንተ ስነሳ ሙሉ ነኝ፣ ስመለስ ባዶ። ማታ ደግሞ ተቃራኒው። ነዳጁን ማን ይከፍለዋል? ሹፌሩ ሁሉ ወደ ውስጥ ላለመግባት አያት አደባባይ ላይ የሚያራግፈው ለዚህ ነው። ሰዉን ዳር አስፍረው ሥራው፣ ገበያው፣ ሆስፒታሉ፣ መሥሪያ ቤቱ መሃል ከተማ ቀረ። አውቶቡስ ጨምሩልን ብላችሁ ብትጠይቁ ጥሩ ነው፣ ይጨመር። ግን እናንተ ጋ ገበያ ቢከፈት፣ ሰው ከሌላ ቦታ ወደናንተ የሚመጣበት ነገር ቢኖር እኔ ራሴ ማንም ሳያስገድደኝ ጭኜ እገባለሁ።

የውኃ ሰው፦

ስለ ውኃው ብቻ ልናገር፤ በዘርፉ ስለምሠራ ነው።

ለከተማዋ ውኃ የሚመጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች ቦታዎች ጉድጓዶች ነው። ለገዳዲ ለናንተ ሩቅ አይደለም፤ "በኛ በኩል አልፎ መሃል ከተማ ይሄዳል" የምትሉትን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ስሜቱም ይገባኛል። ግን ቅርበት ብቻውን ውኃ አያመጣም። ሳይታችሁ ከፍታ ላይ ከሆነ ውኃው በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚወጣው። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። ፈረቃችሁ በደረሰበት ሌሊት መብራት ከሄደ ፈረቃው አለፈ ማለት ነው፤ ሌላ ሳምንት ትጠብቃላችሁ። አራተኛ ፎቅ የማይደርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመስመሩ ግፊት ያን ያህል አይገፋም።

እና "ውኃ ስጡን" ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ "የአቅርቦትና የፍላጎት አለመመጣጠን አለ" ነው የሚሆነው፣ እሱም ውሸት አይደለም። እናንተ ግን ሌላ ጠይቁ። አንደኛ፣ ፈረቃው በጽሑፍ ይለጠፍ፣ ሲያልፍም ይካካስ። ሁለተኛ፣ ለተወሰኑ ብሎኮች የጋራ የምድር ማጠራቀሚያና ፓምፕ እንዲሠራ፤ በሳምንት አንድ ሌሊት የመጣውን ሳምንቱን ሙሉ መጠቀም ትችላላችሁ፣ እናታችንም አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ከፍተው ያገኛሉ። ሦስተኛ፣ ግፊት መስጫ ጣቢያው ጀነሬተር አለው ወይ? ይህንን ወረዳው አይመልሰውም፣ ሥራው አይደለም። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት ደብዳቤ ጻፉና የውኃ ቅርንጫፉ ኃላፊ ስብሰባው ላይ እንዲገኝ ጠይቁ። ሰውየው ከሌለ ጥያቄው አየር ላይ ነው የሚቀረው።

ከድልድዩ ማዶ፦

እኔ ለገጣፎ ነኝ፤ ከናንተ የምንለየው በትንሽ ወንዝ ነው። ግን የኔ ከንቲባ ሌላ ነው። በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና እኛ ተጠቃለን ሸገር ከተማ ከሆንን ወዲህ ያለነው በሸገር ከንቲባ ሥር ነው፣ ተጠሪነታችንም ለኦሮሚያ ክልል ነው። ልጄ የምትማረው እናንተ ጋ ነው፣ ባለቤቴ የምትሠራው መገናኛ ነው፣ የናንተ ሰዎች ደግሞ ቅዳሜ እኛ ጋ ገበያ ይመጣሉ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ጎርፉ ስትጽፊ ስላየሁ ነው። ቦዩን እናንተ ጋ ብቻ ብትገነቡት አይበቃም። ውኃው ከኛ በኩል ካለው ዳገት ነው የሚወርደው፤ እዚህ ላይ ቤት በበዛ ቁጥር ሣሩ ጠፍቶ ጎርፉ ጨምሯል፣ እኛም በዓይናችን አይተነዋል። ሁለቱ አስተዳደሮች ቁጭ ብለው ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ካላወጡለት በየክረምቱ ትደፍናላችሁ፣ በየክረምቱ ይፈርሳል። ቅዳሜ ላይ "ከማዶ ካሉት ጋር ተነጋግራችኋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁልን። እኛም በኛ በኩል እንጠይቃለን። ከፈለጋችሁ የኛ ኮሚቴ ሰዎች መጥተው ከናንተ ጋር ይለካሉ።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኛ ከፒያሳ አካባቢ በ2016 ተነስተን ነው ዳር የገባነው። ቤቱን አልጠላሁትም። ልጆቼ የራሳቸው መጸዳጃ ያለው ቤት አይተው አያውቁም ነበር፣ ግድግዳው አያፈስም፣ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግን እዚያ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች አስረክብ ነበር። እዚህ ማን ይገዛኛል? ሁሉም እንደኔ ነው። በታክሲ ይዤ ልሂድ ብል ትርፉ ለትራንስፖርት ያልቃል። ታክሲ የሚነዳው ወንድሜ ስለ ገበያ የጻፈውን ሳነብ አለቀስኩ፣ የኔን ነገር ነው የተናገረው።

ስለ ከንቲባ ከጠየቅሽኝ ደግሞ እኔ የማውቀው የትምህርት ቤት ምገባውን ነው። ኢንጂነር ታከለ ኡማ በነበሩበት ጊዜ ተጀመረ፣ እሳቸው ሲሄዱ ይቆማል ብለን ፈርተን ነበር፣ አልቆመም፣ ወይዘሮ አዳነችም ቀጠሉበት። ሁለቱ ልጆቼ ጠዋትም ምሳም እዚያ ይበላሉ። ይህ ለኔ ከየትኛውም መንገድ ይበልጣል። መሐንዲስ የጀመረውን ምገባ የሕግ ሰው ካስቀጠለው፣ የቀድሞ ሥራቸው ምን እንደነበረ እኔ እንጃ። የማውቀው ሲጀመር እናቶች ጠይቀን እንደነበረና አሁን ማንም ደፍሮ እንደማያነሳው ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን ሞልቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ተጣብበው ነው የሚቀመጡት። አዲስ ሰፈር ሲገነባ ከቤቱ ጋር ክፍሎቹም አብረው ይታሰቡ በይልኝ እህቴ።

የብሎክ ጸሐፊዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሥራ መልስ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን የአባቴን ምክር ይዘን ወጣን። ቦዩን ለካነው፤ ከአስፋልቱ እስከ ሳይቱ በር 340 ሜትር ነው፣ የተገነባው 90 ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የገባባቸው ቤቶች 11 ናቸው፣ በየበሩ እያንኳኳን ጠይቀን ጻፍን። የግብር ደረሰኝም ከየቤቱ እየሰበሰብን ነው። የለገጣፎው ወንድማችን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብትመጡ ላይኛውን አብረን እንለካለን።

አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ሁሉ ለወረዳው ብንሰጥስ ወረዳው መወሰን ይችላል? ወይስ በቀጥታ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት እናስገባ?

ጡረተኛው፦

በርቺ ልጄ፣ ደስ አሰኘሽኝ።

ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ብታስገቢ ወደ ክፍለ ከተማ ይመሩታል፣ ክፍለ ከተማው ወደ ወረዳ ይመራዋል፣ ሁለት ወር ሄደ ማለት ነው። ከታች ጀምሪና ግልባጩን ወደ ላይ አድርጊ። ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጻፉ፣ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው፣ ሌላ ግልባጭ ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት። ይህችን የመጨረሻዋን ሰው ይረሳታል። ከንቲባውን እኮ ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ከተማዋ ራሷን የማስተዳደር መብት አላት፣ በቻርተሩም፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995 ማለቴ ነው፣ ሕዝቡ የሚመርጠው ምክር ቤቱን ነው፣ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። በጀቱንም የሚያጸድቀው እሱ ነው። እናንተ አካባቢ ተመርጦ እዚያ የተቀመጠ ሰው አለ። ስሙን ታውቂዋለሽ? ቅዳሜ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይህን ይሁን። የምክር ቤት አባላችን ማን ነው፣ መቼስ ነው ከኛ ጋር የሚቀመጠው?

ሁለተኛው ጊዜው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ያን ጊዜ ጭቃው ውስጥ ቆማችሁ ብትጮሁ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። ዝግጅቱ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው የሚጀመረው። አሁን የካቲት ነው፣ አልመሸም፣ ግን ከፋሲካ በኋላ እናደርሰዋለን ካላችሁ ይመሽባችኋል። ደብዳቤው ሰኞ ይግባ። ማኅተም ያለበት ቁጥር ሳትቀበይ ከመዝገብ ቤቱ እንዳትወጪ። "ትተሽው ሂጂ፣ እናይልሻለን" ካሉሽ ቁጭ በዪ።

ውኃውን፣ ቦዩንና ገበያውን በአንድ ደብዳቤ አትጻፉት። ሦስት የተለያየ መሥሪያ ቤት ነው የሚመለከተው፤ አንድ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ የሌላው ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። ሦስት ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ አንድ ገጽ።

አያት መገናኛ፦

ቅዳሜ ጠዋት ከሳይቱ ወደ ወረዳ የሚሄዱ አዛውንቶች ካሉ እኔ በነፃ አደርሳለሁ። 2 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ እቆማለሁ።

የብሎክ ጸሐፊዋ፦

እናታችንን ከአራተኛ ፎቅ እናወርዳቸዋለን፣ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ ብለናል፣ ተስማምተዋል። ሦስቱን ደብዳቤ ዛሬ ማታ ጽፌ እዚህ ላይ አወጣዋለሁ፤ አባቴ አንዴ ያንብቡልኝ። እንጀራ የምትጋግሪው እህቴ፣ የገበያውን ደብዳቤ ግን አንቺ ብትጽፊው ይሻላል። ስልክሽን በውስጥ ላኪልኝ፣ ነገ ቤትሽ እመጣለሁ።